ነገርን ከሥሩ፤ ዴኒስ ሪቺና ድንገት የሚሞቱ ፕሮግራሞች

በየመሥሪያ ቤቱ ጉዳይ ይዞ የሚመላለስ ሰው ከሚፈራቸው ቃላት አንዱ ሲስተም የለም የሚለው ነው። ወረፋው ይቆማል፤ ከመስኮቱ ጀርባ ያለችው ሠራተኛ እጇን ታጣምራለች፤ ከገጠር ሦስት ሰዓት በእግሩ ተጉዞ የመጣው ገበሬም ሲስተም የተባለው ባለሥልጣን መቼ እንደሚመለስ ይጠይቃል። ጥቂት ቆይቶ ባለሙያ ይጠራል። ባለሙያው ማሽኑን አጥፍቶ ያበራዋል። ሲስተም መጣ ይባልና ሁሉም ወደ ሥራው ይመለሳል። ለምን ሄደ ብሎ የሚጠይቅ ግን አይገኝም። በማግስቱም ሲስተሙ እንደገና ይሄዳል።

ሕግ የተማረ ሰው ይህን ሲያይ ዝም ማለት ይቸግረዋል። ሰው ድንገት ሞቶ ሲገኝ አስከሬኑ ይመረመራል፣ ምስክር ይሰማል፣ መዝገብ ይከፈታል። ኮምፒዩተር ውስጥ ፕሮግራም ድንገት ሲሞት ግን አስከሬኑ ሳይታይ ይቀበራል፤ ማስረጃውም ማሽኑ ሲጠፋ አብሮ ይጠፋል። የሚገርመው ደግሞ የዛሬዎቹ ሰርቨሮች አብዛኞቹ የሞትን ምክንያት መዝግቦ የማቆየት ልማድ ያላቸው መሆኑ ነው። ይህን ልማድ ካወረሱን ሰዎች አንዱ ካረፈ ከአሥር ዓመት በላይ ሆኖታል። ስሙ ዴኒስ ሪቺ ይባላል።

እኛም ብንሆን የምርመራ ልማድ የሌለን ሕዝብ አልነበርንም። በጎጃም ደጋ፣ በደብረ ማርቆስም ዙሪያ፣ ከብት ሲሰረቅ ወይም ቤት ሲቃጠል የአካባቢው ሰው ለአፈርሳታ ይጠራ ነበር፤ አውጫጭ የሚሉትም አሉ። ሁሉም አንድ ቦታ ይሰበሰባል፣ ያየ ያየውን የሰማ የሰማውን ይናገራል፣ ነገሩ ሳይጣራ ሰው እንደልቡ ወደ ቤቱ አይሄድም። በሌላ በኩል ደግሞ ሌባሻይ ነበር። አንድ ልጅ መድኃኒት ይጠጣና ይለቀቃል፤ ሄዶ የወደቀበት ቤት ባለቤት ሌባ ነው ይባላል። አንደኛው መንገድ ማስረጃን ይፈልጋል፤ ሁለተኛው የሚፈልገው ተጠያቂ ብቻ ነው። ዛሬ በየቢሮው ሲስተም ሲሞት ቫይረስ ነው፣ ኔትወርክ ነው፣ መብራት ነው እየተባለ በግምት የሚፈረደው ፍርድ ከየትኛው ወገን እንደሆነ አንባቢ ይፍረድ።

ከአባቱ ቤት እስከ ቤል ላብስ

ዴኒስ ማክአሊስተር ሪቺ እ.ኤ.አ. መስከረም 9 ቀን 1941 በኒውዮርክ ግዛት ብሮንክስቪል በምትባል ትንሽ ከተማ ተወለደ። አባቱ አሊስቴር ሪቺ ቤል ላብስ በተባለው ዝነኛ የስልክ ኩባንያ የምርምር ተቋም ለረጅም ዘመን የሠራና ስለ ስልክ ማዞሪያ ሰርኪዩቶች ንድፍ ከሌሎች ጋር መጽሐፍ የጻፈ ሰው ነበር። ቤተሰቡ ወደ ኒውጀርሲ ተዛውሮ ዴኒስ ሰሚት በተባለች ከተማ አደገ። የሰሚት ልጆች ብዙዎቹ አባቶቻቸው የቤል ላብስ ሰዎች ስለነበሩ በደብረ ማርቆስ የካህን ልጅ ዳዊት እየሰማ እንደሚያድገው እሱም የስልክና የሰርኪዩት ወሬ እየሰማ አደገ ማለት ይቻላል።

ሃርቫርድ ገብቶ እ.ኤ.አ. በ1963 በፊዚክስ ተመረቀ። ከዚያም ወደ አፕላይድ ማቲማቲክስ ተሻግሮ እ.ኤ.አ. በ1968 የዶክትሬት ጽሑፉን አጠናቀቀ። ዶክተር ግን አልተባለም። ዩኒቨርሲቲው ጽሑፉ ተጠርዞ ለቤተ መጻሕፍት ገቢ እንዲሆን ይጠይቅ ነበር፤ ሪቺም ይህን ሳይፈጽም ቀረ። ዋናው ሥራ ተሠርቶ በፎርማሊቲ ምክንያት ማዕረግ ሲቀር ማየት ለኛ አገር ሰው እንግዳ አይደለም። ልዩነቱ ሪቺ ነገሩን የሕይወቱ ቁስል አለማድረጉ ላይ ነው። ከዓመት በፊት፣ እ.ኤ.አ. በ1967፣ አባቱ በሠራበት ተቋም ሥራ ጀምሮ ስለነበር ሐሳቡ ሁሉ እዚያው ነበር።

ከፈረሰ ማኅበር የተገኘ ትርፍ

በዚያን ጊዜ ቤል ላብስ ከማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ተቋምና ከጄኔራል ኤሌክትሪክ ጋር ሆኖ መልቲክስ የተባለ ግዙፍ ኦፕሬቲንግ ሲስተም ይሠራ ነበር። አንዱን ኮምፒዩተር ብዙ ሰው በአንድ ጊዜ እንዲጠቀምበት ለማድረግ የታሰበ ነው። ሥራው ዘገየ፣ ወጪው ከበደ። እ.ኤ.አ. በ1969 ቤል ላብስ ከማኅበሩ ወጣ። ሪቺና ባልደረባው ኬን ቶምሰን ለምደውት የነበረው ምቹ የሥራ አካባቢ ከእጃቸው ወጣ ማለት ነው።

አለቆቻቸው አዲስ ማሽን ለመግዛት ፈቃደኛ አልሆኑም። ቶምሰን እምብዛም የማይሠራበት ፒዲፒ-7 የተባለ ትንሽ ኮምፒዩተር አገኘ። ባለቤቱ ልጃቸውን ይዛ ቤተሰብ ለመጠየቅ ለሦስት ሳምንታት ያህል በሄደችበት ጊዜ የአዲሱን ሲስተም ዋና ዋና ክፍሎች ጽፎ ጨረሰ። ሪቺም ከጎኑ ነበር፤ የፋይል አያያዙን አብረው ነድፈውታል። መልቲክስ ብዛትን የሚያመለክት ስም ስለሆነ የነሱ ትንሽ ሲስተም በቀልድ አንድነትን በሚያመለክት ስም ዩኒክስ ተባለ።

ቀጥሎ የመጣው ነገር ለሕግ ሰው ደስ የሚል ነው። እነሪቺ ፒዲፒ-11 የተባለ የተሻለ ማሽን እንዲገዛላቸው የቻሉት ኦፕሬቲንግ ሲስተም እንሠራለን ብለው አይደለም። ጽሑፍ የሚያሰናዳ መሣሪያ እንሠራለን በማለታቸው ነው። የመጀመሪያው ደንበኛም የቤል ላብስ የፓተንት ክፍል ሆነ። እ.ኤ.አ. በ1971 የፓተንት ማመልከቻ የሚጽፉት ጸሐፊዎች ዩኒክስ ላይ መሥራት ጀመሩ። ማሽኑ 24 ኪሎባይት ሚሞሪ ብቻ ነበረው፤ ከዚህ ውስጥ 16ቱ ለሲስተሙ፣ 8ቱ ለተጠቃሚዎች ፕሮግራም ነበር። ዛሬ በስልካችን የምናነሳው አንድ ፎቶ ከዚህ በብዙ እጥፍ ይበልጣል።

ያ ማሽን አንድ ትልቅ ጉድለት ነበረበት። የአንዱን ፕሮግራም ሚሞሪ ከሌላው የሚለይ አጥር አልነበረውም። አዲስ ፕሮግራም የሚሞክር ሰው ከተሳሳተ የሚሞተው የራሱ ፕሮግራም ብቻ አይደለም፤ የጸሐፊዎቹም ሥራ አብሮ ይወድቃል። ስለዚህ ሙከራ ሁሉ ጥንቃቄና ድፍረት ይጠይቅ ነበር። ሪቺ የፕሮግራምን ድንገተኛ ሞት የተማረው ከመጽሐፍ ሳይሆን የሰው ሥራ አጠገቡ ሲጠፋ እያየ ነው ማለት እንችላለን።

መርዶ ነጋሪው

ፕሮግራም ወረቀት ላይ እንደታተመ አዋጅ ነው። አዋጁ በሥራ ላይ ሲውል ባለሙያዎች ፕሮሰስ ይሉታል። ዩኒክስ ላይ ፕሮሰስ ሁሉ ወላጅ አለው፤ ሲሞት ደግሞ ዝም ብሎ አይጠፋም። ከርነል የሚባለው የሲስተሙ እምብርት የአሟሟቱን ሁኔታ በቁጥር መዝግቦ ለወላጁ ያረዳል። ወላጁ መርዶውን እስኪቀበል ድረስ የልጁ ስም ከመዝገብ አይፋቅም፤ እንዲህ ያለውን ሬሳ ዞምቢ ብለው ይጠሩታል። በሰላም ሥራውን ጨርሶ የወጣ ፕሮሰስ ቁጥሩ ዜሮ ነው። ከዚያ ውጪ ያለው ቁጥር ሁሉ ጥያቄ ያስነሳል።

አንድ ፕሮሰስ ከውጪ ተመትቶ ሲሞት የመታው ምልክት ሲግናል ይባላል፤ እያንዳንዱም የራሱ ቁጥር አለው። ትእዛዝ መስጫው ብዙውን ጊዜ በዚያ ቁጥር ላይ 128 ጨምሮ ያሳያል። ይህን የሚያውቅ ባለሙያ 143 ሲያይ 15 ቁጥር ሲግናል መሆኑን ይረዳል። ይህ የጨዋ ማሰናበቻ ነው፤ ፕሮሰሱ ፋይሉን ዘግቶ፣ ዕቃውን ሰብስቦ እንዲወጣ ጊዜ ይሰጠዋል። 137 ሲያይ ደግሞ 9 ቁጥር ነው። ይህኛው ይግባኝ የለውም፤ ፕሮሰሱ ሊሰማውም ሊያስቆመውም አይችልም። 129 ከሆነ 1 ቁጥር ነው፤ መስመሩ ተቋርጧል ማለት ነው። ኮምፒዩተርን በስልክ መስመር እየደወሉ ይጠቀሙ በነበረበት ዘመን ስልኩ ሲዘጋ ደዋዩ የጀመረው ሥራ አብሮ እንዲዘጋ የተሠራ ነው። ዛሬም ደብረ ማርቆስ ተቀምጦ አዲስ አበባ ባለ ሰርቨር ላይ ረጅም ሥራ የጀመረ ሰው ኔትወርኩ ሲቆረጥ ሥራው የሚሞትበት አንዱ ምክንያት ይኸው የስልክ ዘመን ሕግ ነው። መፍትሔውም ከድሮ ጀምሮ አለ፤ ሥራውን ሲጀምሩ ኖሃፕ በሚባለው ትእዛዝ ቢያስጀምሩት ሲግናሉ ቢመጣም አይሞትም።

139 ሲመጣ ግን ነገሩ የጎጃምን ሰው በደንብ ይገባዋል። 11 ቁጥር ሲግናል የድንበር መግፋት ክስ ነው። ፕሮሰሱ የራሱ ያልሆነ ሚሞሪ ውስጥ እጁን አስገብቷል። ጎጃም ውስጥ ድንበር የዋዛ ነገር አይደለም፤ በ1960 ዓ.ም ገበሬው በእርሻ ገቢ ግብሩ ላይ የተነሳው መሬቴ ይለካል፣ ርስቴ ይነካል የሚል ሥጋትም ስለነበረው ነው። አጥር ያላቸው ማሽኖች ከመጡ ወዲህ ከርነሉ ድንበር ገፊውን ፕሮሰስ እዚያው ይገድለዋል። ጭካኔ ይመስላል። ዓላማው ግን ጎረቤቶቹን ማዳን ነው።

ከሞቱ በኋላ የሚቀረው አስከሬን ኮር ይባላል። ሚሞሪ ከጥቃቅን የማግኔት ቀለበቶች ይሠራ በነበረበት ዘመን የቀለበቶቹ ስም ነበር፤ ቀለበቶቹ ከቀሩ በኋላም ስሙ ቀረ። የሚሞሪውን ይዘት በሞት ሰዓት ገልብጦ ማስቀመጥ ከዩኒክስ በፊትም የነበረ ልማድ ነው። ዩኒክስ ግን ማንም ተጠቃሚ ከፍቶ ሊመረምረው የሚችል ተራ ፋይል አደረገው። የሚመረምረው ሰው ፕሮግራሙ የትኛው መስመር ላይ እንደሞተና በእጁ ምን ይዞ እንደነበር ያያል። ለፍርድ ቤት የሚቀርብ የሐኪም ማስረጃ ማለት ነው።

የመልቲክስ ሰው ከነበሩት አንዱ የነገሩት ታሪክ የሪቺን አስተሳሰብ ያሳያል። መልቲክስ ውስጥ ከሚጻፈው ኮድ ግማሽ ያህሉ ስህተት ሲፈጠር ለማገገም የሚውል እንደነበር ለሪቺ ቢነግሩት፣ እኛ ያንን ሁሉ ትተነዋል፤ ከባድ ስህተት ሲገጥም ፓኒክ የሚባል ክፍል ማሽኑን ያቆመዋል፤ ከዚያ ኮሪደሩ ላይ ጮኸን ሰው እንዲያስነሳው እንጠራለን የሚል ይዘት ያለው መልስ ሰጣቸው። ቀልድ ይመስላል። ውስጡ ግን አቋም አለው። የተሳሳተ ሲስተም እየተሳሳተ ከሚቀጥል ቆሞ ስህተቱን ቢናገር ይሻላል።

ይህ አቋም እኛንም ይመለከተናል። በመጋቢት 2016 ዓ.ም የኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ሲስተም ለሰዓታት ሰዎች በሂሳባቸው ከሌለ ገንዘብ በላይ እንዲያወጡና እንዲያዛውሩ ሲፈቅድ አድሯል። ባንኩ ጉዳዩ የሳይበር ጥቃት እንዳልነበረና ከሲስተም ማሻሻያ ሥራ ጋር የተያያዘ እንደሆነ ገልጿል። ያን ሌሊት የጎዳን ሲስተም መሞቱ አልነበረም፤ መሞት ሲገባው በሕይወት መቆየቱ ነው። የቆመ ሲስተም ወረፋ ያስረዝማል። እየተሳሳተ የሚሮጥ ሲስተም ደግሞ ባንክን ከደንበኛው ያጣላል፤ ተማሪውንም ተበዳሪ ያደርገዋል።

ጥቂት ቃል፣ ከባድ ምሥጢር

ዩኒክስ መጀመሪያ የተጻፈው ለአንድ ማሽን ብቻ በሚገባ ቋንቋ ነበር። ማሽኑ ሲቀየር ሁሉም ነገር ከሀ መጀመር ነበረበት። ሪቺ ቶምሰን ሠርቶት ከነበረው ቢ የተባለ ቋንቋ ተነሥቶ ሲ የተባለውን አዲስ ቋንቋ ሠራ። ሲ እ.ኤ.አ. በ1972 ቅርጽ ያዘ፤ በ1973 ደግሞ የዩኒክስ ከርነል በአብዛኛው በሲ እንደገና ተጻፈ። ኦፕሬቲንግ ሲስተም ከማሽን ወደ ማሽን መሻገር የቻለው ከዚያ በኋላ ነው። እ.ኤ.አ. በ1978 ሪቺ ከብራያን ከርኒገን ጋር ስለ ቋንቋው የጻፉት መጽሐፍ ቀጭን ነው፤ ሆኖም ለብዙ ዓመታት የሙያው መማሪያ ሆኖ ኖሯል።

ሲ ጥቂት ቃላት ያሉት ቋንቋ ነው። በዲማና በዋሸራ ቅኔ የተማረ ሰው ይህን ጠባይ ያውቀዋል፤ ቃሉ ባነሰ መጠን የባለቅኔው ኃላፊነት ይከብዳል። ሲም እንዲሁ ነው። ፕሮግራም ጸሐፊውን ያምነዋል። የሚሞሪውን አድራሻ በእጁ ይሰጠዋል፤ ከድንበር ሲያልፍ ግን ወዴት ትሄዳለህ ብሎ አያስቆመውም። ፍጥነቱም አደጋውም ከዚህ አንድ ምንጭ ይቀዳሉ። ከላይ ያየነው 139 ቁጥር በብዛት የሚመጣው በሲና በልጆቹ ከተጻፉ ፕሮግራሞች ነው።

አደጋው እ.ኤ.አ. ኅዳር 2 ቀን 1988 በዓለም ፊት ታየ። አንድ የኮርኔል ዩኒቨርሲቲ ተማሪ የለቀቀው ራሱን በራሱ የሚያባዛ ፕሮግራም በኢንተርኔት የተገናኙ የዩኒክስ ማሽኖችን በሺዎች አጨናነቀ። ከገባባቸው በሮች አንዱ የሚቀበለውን ጽሑፍ ርዝመት የማይለካ በሲ የተጻፈ ፕሮግራም ነበር። ተማሪው የሪቺ የቤል ላብስ ባልደረባ የነበረ ሰው ልጅ መሆኑ ነገሩን ይበልጥ አስገራሚ ያደርገዋል። እ.ኤ.አ. በ1986 በወጣው የኮምፒዩተር ማጭበርበር ሕግ መሠረት ተከሶ ጥፋተኛ ተባለ፤ የተፈረደበት የሦስት ዓመት የአመክሮ ጊዜ፣ የ400 ሰዓት የማኅበረሰብ አገልግሎትና የገንዘብ መቀጮ ነበር። ሐሳብ ሳይኖር የደረሰ ጉዳት እንዴት ይዳኛል የሚለው ክርክር ከዚያ ወዲህ አልቆመም።

ችግሩ ዛሬም አለ። እ.ኤ.አ. በሐምሌ 2024 የአንድ የደኅንነት ሶፍትዌር ማሻሻያ ከተፈቀደለት የሚሞሪ ክልል ውጪ በማንበቡ ምክንያት ወደ 8.5 ሚሊዮን የሚጠጉ የዊንዶውስ ኮምፒዩተሮች ቆመው አውሮፕላኖችና ሆስፒታሎች ተቸግረዋል። በዚያው ዓመት የአሜሪካ መንግሥት ድንበርን ራሳቸው የሚጠብቁ ቋንቋዎች እንዲመረጡ መክሯል። ታዲያ ጥፋቱ የሪቺ ነው? በእኔ አስተያየት አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1972 24 ኪሎባይት ሚሞሪ ላይ ቆሞ የሚሠራ ሰው ለእያንዳንዱ እርምጃ ዘበኛ መቅጠር አይችልም ነበር። ኃላፊነቱ ማሽኑ ሺህ ጊዜ ከሰፋ በኋላም ዘበኛ ሳይቀጥሩ የቀጠሉት የኛ ዘመን ሰዎች ነው።

ፍርድ ቤት ያላሰበው ውለታ

ዩኒክስ እንዴት በዓለም ተሠራጨ የሚለው ጥያቄ መልሱ ከፍርድ ቤት መዝገብ ይገኛል። የቤል ላብስ ባለቤት የነበረው ኤቲ ኤንድ ቲ የአሜሪካን ስልክ በሞኖፖሊ ይዞ ነበር። መንግሥት እ.ኤ.አ. በ1949 ከሰሰው፤ በ1956 ጉዳዩ በስምምነት በተሰጠ ፍርድ ተዘጋ። በፍርዱ መሠረት ኩባንያው ከስልክና ከመገናኛ አገልግሎት ውጪ በሌላ ንግድ እንዳይሰማራ ተከለከለ። ስለዚህ ዩኒክስን እንደ ሸቀጥ ሊሸጠው አልቻለም። ሪቺና ቶምሰን እ.ኤ.አ. በ1974 ስለ ሲስተሙ በአንድ የሙያ መጽሔት ላይ ጽሑፍ ሲያወጡ ዩኒቨርሲቲዎች ጠየቁ፤ ኩባንያውም በአነስተኛ ክፍያ ከነምንጭ ኮዱ ሰጣቸው። ድጋፍ ግን የለም፣ ጥገናም የለም።

ይህ ጥገና የለም የሚለው ቃል ነው ትውልድ ያፈራው። ሲስተም ሲሞትባቸው የሚደውሉለት ሰው ስላልነበራቸው መምህራንና ተማሪዎች ምንጭ ኮዱን ከፍተው ማንበብ፣ ስህተቱን ማግኘት፣ ያገኙትንም ለሌላው መላክ ተማሩ። በአውስትራሊያ ጆን ላየንስ የተባለ መምህር እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ የከርነሉን ኮድ ከማብራሪያ ጋር ለተማሪዎቹ አዘጋጀ። ኩባንያው በኋላ ኮዱ በክፍል እንዳይሰጥ ሲከለክል መጽሐፉ ፎቶ ኮፒ እየተደረገ እጅ ለእጅ ዞረ፤ በሕጋዊ መንገድ የታተመው እ.ኤ.አ. በ1996 ነው። ያንን ሕትመት ከደገፉት መካከል ሪቺ አንዱ ነበር።

ሪቺ ራሱ የፓተንት ባለቤት ነበር። አንድ ተራ ተጠቃሚ ለአንድ የተወሰነ ሥራ ብቻ የባለሥልጣን መብት የሚያገኝበትን ዘዴ የፈጠረው እሱ ነው፤ ፓተንቱም እ.ኤ.አ. በ1979 ተሰጠ። መብቱ ኋላ ላይ ለሕዝብ ተለቀቀ። ዛሬ በየሰርቨሩ የይለፍ ቃል መቀየሪያው የሚሠራው በዚህ ዘዴ ነው።

እ.ኤ.አ. በ1984 ኤቲ ኤንድ ቲ ሲከፋፈል የንግድ ክልከላው ተነሣ፤ ዩኒክስም ውድ ሸቀጥ ሆነ፤ ክስና ክርክርም ተከተለ። በዚህ መሀል እ.ኤ.አ. በ1991 ሊኑስ ቶርቫልድስ የተባለ ፊንላንዳዊ ተማሪ የዩኒክስን ጠባይ የያዘ፣ ኮዱ ግን አዲስ የሆነ ሊኑክስን ጀመረ። አንድሮይድ ስልክ ሊኑክስ ላይ የቆመ ነው፤ አይፎንም ከሌላ የዩኒክስ ዘር ይመዘዛል። ከጮቄ ተራራ የሚፈልቁት ወንዞች ብዙ አገር ያጠጣሉ፤ ከታች የሚጠጣው ግን ጮቄን አያውቅም። የሪቺ ነገርም እንደዚሁ ነው።

ጸጥ ያለ ሞት

ሪቺ ሽልማት አላጣም። እ.ኤ.አ. በ1983 ከቶምሰን ጋር በሙያው ትልቁን የቱሪንግ ሽልማት ተቀበለ። እ.ኤ.አ. በ1999 ፕሬዚዳንት ክሊንተን ለሁለቱም የ1998ን ብሔራዊ የቴክኖሎጂ ሜዳሊያ ሰጧቸው። እ.ኤ.አ. በ2011 የጃፓን ሽልማትም ተጨመረ። ሰውየው ግን ዝምተኛ ነበር። ትዳር አልመሠረተም፤ በባልደረቦቹ ዘንድ ዲኤምአር በሚሉት ሦስት ፊደላት ይታወቅ ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ2007 ጡረታ እስኪወጣ ድረስ 40 ዓመት ያህል በዚያው ተቋም ሠራ።

እ.ኤ.አ. ጥቅምት 12 ቀን 2011 ኒውጀርሲ፣ በርክሌይ ሃይትስ በሚገኘው ቤቱ ውስጥ ብቻውን ሞቶ ተገኘ። ዕድሜው 70 ነበር፤ ከዚያ በፊት ሕመም ላይ ቆይቷል። ከአንድ ሳምንት በፊት የአፕል መሥራች ስቲቭ ጆብስ አርፎ የዓለም ጋዜጦች ፊት ገጻቸውን ለሱ ሰጥተው ነበር። የሪቺ ዜና ዘግይቶ ከባልደረቦቹ አፍ ወጣ፤ ብዙ ሰውም ማን እንደሆነ ጠየቀ። ጆብስን ያስመሰገኑት መሣሪያዎች ውስጣቸው ሲከፈት የሪቺ እጅ እንዳለበት የሚያውቀው የሙያው ሰው ብቻ ነበር።

ለኛ የሚተርፈው

ዛሬ በደብረ ማርቆስ ዩኒቨርሲቲ ኮምፒዩተር ሳይንስ የሚማር ወጣት በሲ ወይም ከሲ በተወለዱ ቋንቋዎች ፊደል ይቆጥራል። ተመርቆ መሥሪያ ቤት ሲገባ ግን የሚጠበቅበት አንድ ነገር ነው፤ አጥፍቶ ማብራት። አለቃው ሲስተሙ ለምን ሞተ ብሎ አይጠይቀውም፤ መቼ ይነሣል ብሎ ብቻ ይጠይቀዋል። እንዲህ ሲሆን ዩኒቨርሲቲው ያስተማረው መርማሪ በዓመት ውስጥ ማብሪያ ማጥፊያ ሆኖ ይቀራል።

ምርመራው ግን ውድ መሣሪያ አይጠይቅም። መጀመሪያ የሞቱን ቁጥር ማየት ነው። 137 ከሆነ ማን ገደለው ብሎ መጠየቅ ይገባል። ሰው ሊሆን ይችላል፣ ተቆጣጣሪ ፕሮግራም ሊሆን ይችላል፣ ወይም ራሱ ከርነሉ ሊሆን ይችላል። ሊኑክስ ሚሞሪ ሲያልቅበት ሌሎቹን ለማዳን አንዱን መርጦ ይገድላል፤ ይህንንም በከርነል መዝገቡ ላይ ከነስሙ ይጽፋል። ምርጫው በዋናነት ብዙ ሚሞሪ በያዘው ላይ ስለሚያተኩር የሚሞተው አንዳንዴ ጥፋተኛው ሳይሆን ትልቁ ነው፤ የመሥሪያ ቤቱ ዋና ዳታቤዝ በሌላ ትንሽ ፕሮግራም ሌብነት ይገደላል። መዝገቡን ያላነበበ ባለሙያ ዳታቤዙን ይወቅሳል። ይህ ሌባሻይ ነው።

139 ከሆነ ኮሩን መፈለግ ነው። በብዙ ሲስተሞች ላይ ኮር እንዳይቀመጥ ከመነሻው የተዘጋ ስለሆነ ሞት ከመምጣቱ በፊት ማስከፈት ያስፈልጋል፤ ከቀብር በኋላ አስከሬን ፍለጋ አይሆንም። መዝገቡ መሀል ላይ ድንገት ተቋርጦ፣ ሲስተሙ በሥርዓት መዘጋቱን የሚገልጽ ቃል ሳይኖር እንደገና ከጀመረ ደግሞ መብራትን ወይም ራሱን ማሽኑን መጠርጠር ተገቢ ነው። መብራት ነው የሚለው ግምት እንዲህ ሲደገፍ ማስረጃ ይሆናል፤ ካልተደገፈ ግን ሰበብ ነው። በመጨረሻም የተገኘው ነገር በጽሑፍ ይቀመጥ፤ የሚቀጥለው ባለሙያ ከሀ እንዳይጀምር።

የመሥሪያ ቤት ኃላፊዎችም ድርሻ አለባቸው። ሲስተም በሞተ ቁጥር በሁለተኛው ቀን የሞቱን ምክንያት የሚገልጽ አንድ ገጽ ጽሑፍ ቢጠይቁ፣ ምክንያቱን ላገኘ ባለሙያም ቶሎ ላስነሣው ከሚሰጡት ያላነሰ ምስጋና ቢሰጡ፣ ሦስት ሰዓት ተጉዞ የመጣው ገበሬ በሚቀጥለው ሳምንት ባዶ እጁን አይመለስም ነበር። ሕዝብ መሬቱን፣ ግብሩንና ገንዘቡን ለእነዚህ ማሽኖች አምኖ ሰጥቷል። ማሽኑ ሲሞት የመጠየቅ መብቱን ግን አብሮ አላስረከበም።

ዴኒስ ሪቺ የተወልን ቋንቋና ሲስተም ብቻ አይደለም። የሞተ ነገር ሁሉ ለሞቱ ምክንያት እንዳለው፣ ምክንያቱም ተጽፎ እንደሚገኝ ያመኑ ሰዎች ያቋቋሙት ሥርዓት ነው። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ይላሉ አበው። ሲስተሙስ በሽታውን አልደበቀም፤ በቁጥር ጽፎ አስቀምጦታል። የጎደለው የሚያነብ ሰው ነው።

ቸር እንሰንብት።